ፎሪን ኤንድ ኮሎኒያል፦ በዓለም ዙሪያ የተከፋፈለ ጥሪትና የዓመት ድርሻው

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1868 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ተመሥርቶ ዛሬም ሥራውን ሳያቋርጥ የሚገኘው ፎሪን ኤንድ ኮሎኒያል የተባለው የሙዓለ ንዋይ ማኅበር፣ እስከ ዛሬ በሕይወት ካሉት የዚህ ዓይነት ማኅበራት ሁሉ በዕድሜ ቀዳሚው ነው። ሁለት የዓለም ጦርነቶች፣ በ1929 የጀመረው ታላቁ የንግድ ድቀት፣ የነገሥታት መውደቅና የገንዘብ ዋጋ መዋዠቅ ሲፈራረቁበት፣ ለአባላቱ የዓመት ድርሻቸውን ሳይከፍል ያለፈበት አንድም ዓመት የለም፤ በቅርቡም ዘመን ያንን ድርሻ ከ50 ለሚበልጡ ተከታታይ ዓመታት በየዓመቱ ከፍ እያደረገ መጥቷል። ይህ የሆነው ማኅበሩን የመሩት ሰዎች የሚመጣውን አስቀድሞ የማወቅ ጸጋ ስለ ተሰጣቸው አይደለም፤ የሚመጣውን አለማወቃቸውን አምነው፣ የማኅበሩንም ሥርዓት በዚሁ እምነት ላይ ስለ መሠረቱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ያ ሥርዓት ምን እንደ ሆነ፣ ጥሪትን የማከፋፈልና ድርሻን የመክፈል ጥበብስ እንዴት እንደ ተዛመዱ ለአንባቢ ማስረዳት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ማኅበሩ በተመሠረተበት ዘመን ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ የለንደን ነዋሪ ከፊቱ የሚያገኘው መንገድ ጠባብ ነበር። የገዛ መንግሥቱን የዕዳ ሰነድ ቢገዛ ገንዘቡ እምነት ከሚጣልበት ቦታ ያርፋል፤ የሚያገኘው ወለድ ግን በዓመት 3 ከመቶ ብቻ ነበር። የውጭ መንግሥታት ሰነዶች ከዚህ ብዙ የሚበልጥ ወለድ ይሰጡ ነበር፤ ዳሩ ግን ከመንግሥታቱ አንዱ በጦርነት ወይም በብክነት ምክንያት መክፈል ያቃተው እንደ ሆነ፣ ጥሪቱን ሁሉ በዚያ አንድ ሰነድ ላይ ያዋለው ሰው ለእርጅናው ያሰበውን በሙሉ ያጣል። በአገሩ ኩባንያዎች እንዳይታመን ደግሞ፣ በሜይ 1866 ኦቨረንድ ገርኒ የተባለው ስመ ጥር የገንዘብ ቤት ድንገት በሩን ሲዘጋ፣ ባለአክሲዮኖቹ ያዋሉትን ገንዘብ ከማጣት አልፈው ገና ያልከፈሉትን ቀሪ የአክሲዮን ዋጋ ጭምር እንዲያመጡ ሲገደዱ አይቷል። ከዚህ ሥጋት ይብዛም ይነስም የተጠበቀው ባለጸጋው ነበር፤ እርሱ ሀብቱን በሃያ አገር ሰነዶች ላይ ማከፋፈል ስለሚችል አንዱ ቢከዳው አሥራ ዘጠኙ ይክሱታልና።

ይህን የባለጸጋ ዕድል ለመካከለኛው ሰው ማድረስ ይቻላል ብሎ የተነሣው ፊሊፕ ሮዝ የተባለ የሕግ ሰው ነው። ሮዝ የስመ ጥሩው ፖለቲከኛ የቤንጃሚን ዲስራኤሊ ወዳጅና የጕዳዮቹ አማካሪ ነበረ፤ ቀደም ብሎም በ1841፣ ሌሎች ሆስፒታሎች አንቀበልም ይሏቸው ለነበሩ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መታከሚያ የሚሆነውን የብሮምፕተን ሆስፒታል ያቋቋመ ሰው ነው። እርሱና ባልንጀሮቹ የቀድሞውን የእንግሊዝ የፍትሕ የበላይ ሹም (ሎርድ ቻንስለር) ሎርድ ዌስትበሪን የባለአደራዎች ሰብሳቢ አድርገው፣ ከሕዝብ እስከ 1 ሚሊዮን ፓውንድ ለመሰብሰብ ማስታወቂያ አወጡ። ዐላማቸው መጠነኛ ገንዘብ ያለው ሰው ታላላቆቹ ባለሀብቶች የሚያገኙትን ጥቅም እንዲያገኝ፣ ይኸውም ገንዘቡ በልዩ ልዩ ሰነዶች ላይ ተከፋፍሎ ሥጋቱ እንዲቀነስለት ማድረግ መሆኑን በግልጽ ጻፉ።

አሠራሩም እንዲህ ነበር፦ የስሙ ዋጋ 100 ፓውንድ የሆነ የምስክር ወረቀት በ85 ፓውንድ ይሸጣል፤ የተሰበሰበው ገንዘብ የአርጀንቲና፣ የብራዚል፣ የቺሊ፣ የፔሩ፣ የስፔን፣ የፖርቱጋል፣ የኢጣሊያ፣ የኦስትሪያ፣ የሩሲያ፣ የቱርክ፣ የግብጽና የሌሎችም መንግሥታት በሆኑ 18 ሰነዶች ላይ ይውላል፤ ለባለወረቀቱ በስሙ ዋጋ ላይ 6 ከመቶ፣ ማለት በከፈለው ገንዘብ ሲሰላ 7 ከመቶ የሚያህል በየዓመቱ ይከፈለዋል፤ ከዚህ የተረፈው ደግሞ ዕጣ የወጣላቸውን ወረቀቶች በሙሉ ዋጋቸው ለመቤዠት ይውላል። አንድ ጸሐፊ ወይም የአንድ ባለሱቅ ባልቴት በ85 ፓውንድ የአሥራ ስምንት ሰነዶች ተካፋይ መሆን የቻሉት በዚህ መንገድ ነው።

ሐሳቡ ቀዳሚ ነበረው። አድሪያን ቫን ኬትዊች የተባለ የአምስተርዳም ነጋዴ በ1774፣ አንድነት ኃይል ነው የሚል ትርጕም ያለው ስም ሰጥቶ ባቋቋመው ማኅበር እያንዳንዱ 500 ጊልደር የሚያወጣ 2,000 የድርሻ ወረቀት ለሕዝብ አቅርቦ፣ ገንዘቡን በአውሮፓ መንግሥታት ሰነዶችና በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ለነበሩ እርሻዎች በተሰጡ ብድሮች ላይ አከፋፍሎ ነበር። እነዚያ እርሻዎች የሚለሙት በባሪያዎች ጕልበት ነበርና፣ ጥሪትን ማከፋፈል ባለገንዘቡን ከኪሳራ ሥጋት ቢጠብቀውም፣ ገንዘቤ በየት ምን እየሠራ ነው ብሎ ከመጠየቅ ኃላፊነት ነፃ እንደማያወጣው ከጥንስሱ ጀምሮ የታየ ነገር ነው።

የለንደኑ ማኅበር ገና በልጅነቱ የገጠመው ፈተና ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የግብጹ ገዢ ከዲቭ ኢስማኤል ፓሻ ለከተማ ግንባታ፣ ለመስኖ፣ ለባቡር ሐዲድና ለስዊዝ ቦይ የተበደረው ገንዘብ ከአገሩ ገቢ በላይ ሆኖ ሳለ፣ ግዛቱን ወደ ደቡብ ለማስፋት ጦር አዘመተ፤ ያም ጦር በኖቬምበር 1875 በጉንደት በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ድል ሆነ። በዚያው ወር ከዲቩ የስዊዝ ቦይ ኩባንያ 176,602 አክሲዮኖቹን 4 ሚሊዮን ፓውንድ በሚያህል ዋጋ ለእንግሊዝ መንግሥት ሸጠ፤ ገዢውም የሮዝ ወዳጅ ዲስራኤሊ፣ ያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ነበር። በማርች 1876 የግብጽ ጦር በጉራዕ ዳግመኛ ተሸነፈ፤ በተከታዩም ወር ግብጽ ዕዳዋን መክፈል አቋረጠች። ለውድቀቷ ዋናው ምክንያት ለዓመታት የተከመረው ብድር ቢሆንም፣ የዘመቻው ወጪ በተጨነቀ ግምጃ ቤት ላይ የተጨመረ ሸክም ነበር። ቱርክና ፔሩም በዚያው ሰሞን ዕዳቸውን ሳይከፍሉ ቀሩ። ጥሪቱን ሁሉ በካይሮ ወይም በኢስታንቡል ሰነድ ላይ ያኖረ የለንደን ቈጣቢ፣ ስሙን ሰምቶት በማያውቀው በጉራዕ ሜዳ የሚደረገው ነገር እንጀራውን ሊነካበት እንደሚችል ያወቀው ከደረሰበት በኋላ ነው፤ ጥሪቱን ባከፋፈለው ማኅበር ውስጥ የነበረው ግን ጕዳቱ ቢሰማውም ድርሻውን መቀበሉን አላቋረጠም።

ሌላው ፈተና ከሕግ በኩል መጣ። በ1879 ዳኛው ሰር ጆርጅ ጄሰል በሌላ ተመሳሳይ ማኅበር ጕዳይ ላይ፣ ከ20 የሚበልጡ ሰዎች ለትርፍ ሲተባበሩ በኩባንያነት መመዝገብ አለባቸው ብለው ስለ ፈረዱ፣ ፎሪን ኤንድ ኮሎኒያል በዚያው ዓመት የባለአደራነት አቋሙን ትቶ ወደ አክሲዮን ኩባንያነት ተለወጠ። ፍርዱ በሚቀጥለው ዓመት በይግባኝ ቢሻርም ማኅበሩ በአዲሱ መልኩ ጸና። ቀስ በቀስም ከመንግሥታት ሰነዶች ወደ ኩባንያዎች ሰነዶች፣ በ1920ዎቹም ዓመታት ወደ ተራ አክሲዮኖች ተሻገረ፤ ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ከ300 በላይ ኩባንያዎች አክሲዮን ባለቤት ነው።

ከዕዳ ሰነድ ወደ አክሲዮን መሻገር የገንዘቡን ጠባይ የሚለውጥ ነገር ነው። የዕዳ ሰነድ የያዘ ሰው አበዳሪ ነውና ወለዱም ቀኑም አስቀድሞ በውል ተቈርጦለታል፤ ባለአክሲዮን ግን ከኩባንያው ባለቤቶች አንዱ ስለ ሆነ፣ የሚደርሰው ድርሻ ሠራተኛው፣ አበዳሪውና መንግሥት የሚገባቸውን ወስደው ከተረፈው ላይ፣ ያውም የዳይሬክተሮች ቦርድ እንዲከፈል ሲወስን ብቻ ነው። በ1602 የተመሠረተው የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የመጀመሪያውን ድርሻ ለባለአክሲዮኖቹ የከፈለው በ1610 ሲሆን፣ ጥሬ ገንዘብ ስላነሰው አብዛኛውን የሰጣቸው መርከቦቹ ባመጡት ቅመምና ቁንዶ በርበሬ ነበር። በገንዘብ ይሁን በቅመም የድርሻው ምንጭ አንድ ነው፤ ኩባንያው ሠርቶ ያተረፈው ሀብት ነው።

በዘመናችን በለንደን ገበያ የድርሻ አከፋፈል አራት ቀኖች አሉት። በመጀመሪያው ቀን ቦርዱ መጠኑን ያስታውቃል፤ በሁለተኛው ቀን አክሲዮኑ ከድርሻው ተለይቶ መሸጥ ይጀምራል፤ በሦስተኛው ቀን መዝገቡ ተከፍቶ ድርሻ የሚገባቸው ባለአክሲዮኖች ስም ይለያል፤ በአራተኛው ቀን ገንዘቡ ይከፈላል። አስተዋይ የሚመረምረው ሁለተኛውን ቀን ነው። በዋዜማው 50 ፓውንድ ያወጣ የነበረ አክሲዮን 1 ፓውንድ ድርሻ የሚከፍል ከሆነ፣ ሌላ ወሬ እስካልመጣ ድረስ በዚያ ቀን ጧት ዋጋው ወደ 49 ፓውንድ ይወርዳል፤ ያ አንድ ፓውንድ ከኩባንያው ካዝና ሊወጣ ነውና አዲሱ ገዢ አይከፍልበትም። ስለዚህ ባለአክሲዮኑ ድርሻውን በተቀበለ ዕለት ከቀድሞው ይልቅ ባለጸጋ አልሆነም፤ ከሀብቱ ጥቂቱ ከአክሲዮንነት ወደ ጥሬ ገንዘብነት ተዛወረለት እንጂ። ያንን ገንዘብ መልሶ አክሲዮን ቢገዛበት ግን የዘመን ብዛት ትልቅ ሥራ ይሠራለታል፤ በዓመት 4 ከመቶ ድርሻ የሚከፍል አክሲዮን ዋጋው ባይጨምር ባይቀንስ እንኳ፣ ድርሻው በየዓመቱ ከተመለሰበት በ18 ዓመት ውስጥ ጥሪቱ እጥፍ ይሆናል።

የማከፋፈልን ጥበብ በቍጥር አስልቶ ያሳየው ሃሪ ማርኮዊትዝ ነው። ይህ ሊቅ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ የአክሲዮን ዋጋ ወደፊት የሚከፈለው ድርሻ ዛሬ ሲገመት የሚኖረው ዋጋ ነው የሚለውን የጆን በር ዊልያምስን የ1938 መጽሐፍ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ሲያነብ አንድ ጥያቄ መጣበት፦ ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰው ሁሉ ተስፋ የሚጣልበትን አንድ አክሲዮን ብቻ ይገዛ ነበር፤ ታዲያ ሰዎች ስለ ምን ብዙ ዓይነት ይገዛሉ? መልሱን በ1952 ባሳተመው ጥናት ሰጠ፤ በ1990ም ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። የመልሱ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ የጥሪት ሥጋት የሚለካው እያንዳንዱ አክሲዮን ለብቻው በሚያሳየው መዋዠቅ ብቻ ሳይሆን፣ አክሲዮኖቹ አንዱ ከሌላው ጋር አብረው በሚወጡበትና በሚወርዱበት መጠን ጭምር ነው። የነዳጅ ዋጋ ሲወደድ የአየር መንገዱ ትርፍ ይቀንሳል፣ የነዳጅ አውጪው ይጨምራል፤ የጃፓን የን ሲረክስ ዕቃውን ወደ ውጭ የሚልከው የቶክዮ ፋብሪካ ይጠቀማል፣ ጥሬ ዕቃውን ከውጭ የሚያስገባው ይጐዳል። ስለዚህ መቶ ባንኮችን ከአንድ አገር የገዛ ሰው ብዙ ስም ሰበሰበ እንጂ ጥሪቱን አላከፋፈለም።

በአንድ አገር ብቻ መወሰን ምን እንደሚያስከትል የጃፓን ታሪክ ይመሰክራል። በ1989 መጨረሻ የቶክዮ ገበያ ኒኬይ በሚባለው መለኪያ ወደ 39,000 ተጠግቶ፣ ጃፓን የዓለምን ኢኮኖሚ ልትመራ ነው ተብሎ በሚታመንበት ጊዜ ገበያው ወደቀ፤ ወደዚያ ከፍታ የተመለሰውም በፌብሩዋሪ 2024፣ ከ34 ዓመት በኋላ ነው። በሌላ በኩል ማከፋፈልም ወሰን አለው። በ2008 የገንዘብ ቀውስ ጊዜ የዓለም አክሲዮኖች ባንድነት 40 ከመቶ ያህል ዋጋቸውን ሲያጡ፣ በሃያ አገር ያከፋፈለውም ከውድቀቱ አላመለጠም። ማከፋፈል ከኪሳራ አያድንም፤ ከጥፋት ግን ያድናል፤ በሃያ አገር ያከፋፈለው ሰው ቀን ሲወጣ የሚያንሰራራ ጥሪት ይቀረዋልና።

ድርሻው በክፉ ዓመት እንዳይቋረጥ የሚያደርገው ግን ማከፋፈል ብቻ አይደለም፤ ሁለተኛው ምሰሶ ራስን መግዛት ነው። የእንግሊዝ ሕግ ለዚህ ዓይነቱ ማኅበር በየዓመቱ ከሚያገኘው ገቢ እስከ 15 ከመቶ የሚደርሰውን ሳያከፋፍል በመጠባበቂያ እንዲይዝ ይፈቅድለታል። ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት የግብጽን እህል በጐተራ አኑሮ በሰባቱ የረኃብ ዓመታት ሕዝቡን እንደ መገበ፣ የማኅበሩም ቦርድ በደጉ ዓመት ለአባላቱ ሊሰጥ ከሚችለው ጥቂት ቀንሶ ያኖራል፤ በክፉው ዓመት ያንኑ አውጥቶ ይሰጣቸዋል። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ንግድን ባቆመበት ጊዜ የታየው ይህ ነው። ሼል የተባለው ታላቁ የነዳጅ ኩባንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድርሻውን ሲቀንስና ሌሎች ብዙ ኩባንያዎች ጨርሶ ሲያቋርጡ፣ ፎሪን ኤንድ ኮሎኒያል የአንድ አክሲዮን የዓመት ድርሻ ከ11.6 ፔንስ ወደ 12.1 ፔንስ ከፍ አደረገ፤ የጐደለውን ያገኘውም ከመጠባበቂያው ነው። ስለዚህ አባላቱ በክፉ ቀን የተቀበሉት ድርሻ፣ በደጉ ዘመን እነርሱው ራሳቸው ሳይከፈላቸው ከቀረው ላይ የመጣ ነበር።

ይህን ሁሉ መልካም ነገር ከተናገርን በኋላ አንባቢን ማስጠንቀቅ ይገባል። በዚህ ማኅበር አክሲዮን የያዘ ሰው በሚሸጥበት ቀን የሚያገኘው ገበያው የሰጠውን ዋጋ ነው፤ ማኅበሩ ያለው ንብረት ለአንድ አክሲዮን 100 ሲደርስ ገዢዎች 90 ብቻ ሊሰጡ ይችላሉ። ማኅበሩ ተበድሮ አክሲዮን የሚገዛበት ጊዜም አለና በመልካሙ ዘመን ትርፉን ያበዛል፣ በክፉው ዘመን ጕዳቱን ያከፋል። ከአሜሪካ ኩባንያዎች ለውጭ አገር ሰው የሚከፈል ድርሻ በመሠረቱ 30 ከመቶ ግብር ይቀነስበታል፤ በመንግሥታት መካከል ስምምነት ባለበት ብዙውን ጊዜ ወደ 15 ይወርዳል። ከሁሉ በላይ ግን፣ የዓለም የሚለው ስም አንባቢን እንዳያዘናጋው ያስፈልጋል፤ ዛሬ የዓለም አክሲዮኖችን በሚለኩት ታላላቅ ሰንጠረዦች ውስጥ የዩናይትድ ስቴትስ ኩባንያዎች ብቻቸውን ከ60 ከመቶ በላይ ይይዛሉና፣ የዓለም ፈንድ የገዛ ሰው ከግማሽ የሚበልጠውን ጥሪቱን ለአንድ አገር ዕድል አደራ ሰጥቶ ሊሆን ይችላል። እንዲሁም አንድ አክሲዮን ከዋጋው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ከፍ ያለ ድርሻ የሚከፍል ሆኖ ሲታይ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ድርሻው መጨመሩ ሳይሆን ዋጋው መውደቁ ነው፤ ገበያው ድርሻው እንደሚቀነስ አስቀድሞ ጠርጥሯልና።

ነገሩ ከእኛ ወገን የራቀ አይደለም። በዩናይትድ ስቴትስ በሆስፒታል፣ በሆቴል ወይም በአውሮፕላን ማረፊያ የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከደመወዛቸው እየተቀነሰ በሚጠራቀመው የጡረታ ሒሳብ አማካይነት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሳያስተውሉት፣ በቶክዮ፣ በዙሪክና በኒው ዮርክ የሚገኙ ኩባንያዎች ባለድርሻ ሆነዋል። በአገር ቤትም የባንክ አክሲዮን ገዝቶ፣ የዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ሲያበቃ የትርፍ ድርሻውን የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው፤ ግን የአንድ ባንክ አክሲዮን ብቻ የያዘ ሰው፣ ባንኩ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ በ1875 የግብጽን ሰነድ ብቻ ከያዘው የለንደን ቈጣቢ ጋር አቋሙ አንድ ነው። በጃኑዋሪ 2025 የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በአዲስ አበባ ተከፍቶ የወጋገን ባንክ አክሲዮን በመጀመሪያ ተመዝግቦበታል፤ በ2021 የወጣውም የካፒታል ገበያ ዐዋጅ የብዙ ሰዎችን ገንዘብ ባንድነት ለሚያስተዳድሩ ፈንዶች በር ከፍቷል።

እንዲህ ያሉ ማኅበራት ወደ እኛ ገበያ ሲመጡ ሕዝቡ የሚሰጣቸው እምነት በማስታወቂያቸው ውበት እንዳይሆን፣ ከፎሪን ኤንድ ኮሎኒያል ታሪክ የሚወጡትን አራት ጥያቄዎች አስቀድሞ ሊያቀርብላቸው ይገባል፦ ገንዘቡ አብረው በማይወድቁ ሥራዎች ላይ በእውነት ተከፋፍሏልን? የሚከፈለው ድርሻ ከትርፍ ነው ወይስ ከአባላቱ ከራሳቸው ዋና ገንዘብ? ለክፉ ቀን ምን ተቀምጧል? ለአስተዳዳሪዎቹስ በየዓመቱ ምን ያህል ይከፈላቸዋል? እነዚህን ጥያቄዎች በቍጥር ሊመልስ የማይችል ማኅበር፣ ስሙ የቱንም ያህል ታላቅ፣ የሚሰጠውም ተስፋ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን፣ የማንንም ሰው የላብ ፍሬ አደራ ሊቀበል አይገባውም።